ቦኖው ስንት ሰው ያጠጣል?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ለጥቂት አባወራ የሚበቃ ውኃ፣ ማገዶና ጤና ጣቢያ የነበራት ትንሽ መንደር በወራት ውስጥ የከተማ ያህል ሕዝብ ስትሸከም ምን እንደሚገጥማት ይመለከታል። ምሳሌያችን ቱነይድባ ናት። የምንናገረው ግን መተማንም፣ ጋምቤላንም፣ ሌሎች ብዙ ቦታዎችንም ይነካል።

ቱነይድባ በሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ በአል መፋዛ አካባቢ፣ ማሽላና ሰሊጥ በሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ላይ የምትገኝ መንደር ናት። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ከአካባቢው ሰው በቀር ስሟን የሚያውቅ ብዙ አልነበረም። በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተነሣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገባ። አብዛኛው መጀመሪያ ያረፈው ሐምዳይትና መንደር 8 በሚባሉት የድንበር ጣቢያዎች ነበር። ያን ያህል ሰው ድንበር ላይ ማቆየት ለደኅንነትም ለአቅርቦትም አይመችምና መጀመሪያ ኡም ራኩባ ተከፈተ። እሱ ሲሞላ፣ ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ፣ ወደ ቱነይድባ ማጓጓዝ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ስደተኛ በመንደሯ ዳርቻ ሰፈረ።

20 ሺህ ሰው ማለት አንድ ደህና የወረዳ ከተማ ነው። ከተማ ግን ወትሮ በአንዴ አይበቅልም። መጀመሪያ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ቀጥሎ ወፍጮው ይተከላል፣ ትምህርት ቤቱ ይከፈታል፣ ሰውም ቀስ በቀስ ይሰበሰባል። ቱነይድባ ላይ ሰው ቀደመ፣ ውኃው፣ መንገዱና መጸዳጃው ከኋላ ተከተሉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ዝናቡ ሲቃረብ የመጣው ነፋስና ማዕበል ብዙ ድንኳን ቀዳዶ ጣለ፤ ያኔ ገና የክረምቱ ዝግጅት አላለቀም ነበር።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ስለ ነባሩ ነዋሪ ስጋት ስንነጋገር ስደተኛውን መክሰሳችን አይደለም። ነፍሱን ይዞ የመጣ ሰው የሚሰፍርበትን ቦታ አልመረጠም። የመንደሩ ሰው «ውኃችን አለቀ» ሲልም እንግዳ ጠላ ማለት አይደለም። ገዳሪፍ በእንግዳ ተቀባይነት የምትታማ አገር አይደለችም፤ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ኡም ራኩባ፣ ሳፋዋና ተዋዋ ስንቱን ሰው እንዳስጠለሉ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በሁለቱም በኩል አሉ። የስጋቱ ምንጭ ሒሳብ ነው። ውኃው የተቆጠረው ለስንት ሰው ነበር? አሁን የሚጠጣውስ ስንት ነው? ይህን ሒሳብ ማንም ሊሠራው ይችላል። ዛሬ አብረን እንሥራው።

ከቦኖው እንጀምር። በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ ስፌር ይባላል። በዚህ መለኪያ አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽሕና በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ያስፈልገዋል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ደግሞ ሲረጋጋ 20 ሊትር እንዲደርስ ይፈልጋል። አንድ የቦኖ ቧንቧ ከ250 ሰው በላይ ሊያጠጣ አይገባም። ከቤት እስከ ቦኖው ያለው ርቀት ከ500 ሜትር፣ ወረፋው ከ30 ደቂቃ ማለፍ የለበትም።

250 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቧንቧው በደቂቃ 7.5 ሊትር ያፈሳል ተብሎ የታሰበ ነው። ቢጫውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ ብታስቀምጡት በ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይሞላል። 250 ሰው በነፍስ ወከፍ 15 ሊትር ቢቀዳ ያ ቧንቧ ከ8 ሰዓት በላይ ሳይዘጋ መፍሰስ አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት የተከፈተ ቦኖ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሳል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግፊቱ ሙሉ ሲሆን ነው። ፓምፑ ናፍጣ አጥሮት ወይም ሮቶው ሳይሞላ ቀርቶ ግፊቱ በግማሽ ቢወርድ ያው ጀሪካን 5 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጃል።

አሁን ወረፋውን ተመልከቱ። ጀሪካኖቹ በመስመር ተደርድረዋል። የቱ የማን እንደሆነ እንዲለይ አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፣ አንዱ በከሰል ምልክት ተደርጎበታል፣ አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክ ተወትፏል። ስድሳ ጀሪካን ነው እንበል። ቧንቧው ሙሉ ግፊት ካለው የመጨረሻው ሰው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጠብቃል። በግማሽ ግፊት 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። በዚያ ፀሐይ 5 ሰዓት የቆመች ሴት ከፊቷ ያለችውን ሴት በክፉ ዓይን ብታይ አይገርምም። አንዷ «ያ ሐጃ፣ ተራው የኔ ነው» ስትል፣ ሌላዋ «ይህ የአባቴ አገር ጉድጓድ ነው» ብትል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ ግን ሁለቱም ጋ የለም፤ ጥፋቱ ያለው በቧንቧው ቁጥርና በግፊቱ ላይ ነው።

ለ20 ሺህ ሰው 80 ቧንቧ ያስፈልጋል። በቀን በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ከታሰበ 400 ሺህ ሊትር ውኃ ነው፤ 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ከታመላለሰ 40 ምልልስ። በክረምት ዋልካው ሲጨቀይ 40 ቦቴ ወዴት ይገባል? ቦቴ ለጥቂት ሳምንት ነፍስ ያተርፋል። ለዓመታት የሚሆን መፍትሔ ግን አይደለም፤ ነዳጁ ብቻ ጉድጓድ ያስቆፍራል።

እስካሁን የሠራነው ሒሳብ ራሱ ጎደሎ ነው። 20 ሺህ ያልነው ካርድ የያዘውን ስደተኛ ብቻ ነው። እርዳታ ሲበጀት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በመዝገቡ ላይ ያለ ስም ነው። የመንደሩ ነባር አባወራ በዚያ መዝገብ የለም። ከብቶቹም የሉም። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከጎንደር በኩል፣ ከሱዳንም ከሌላ ክፍል የሚመጣው ወቅታዊ ሠራተኛ የለም። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሱዳን ጦር ከፈጥኖ ደራሹ ኃይል ጋር ውጊያ ከገጠመ በኋላ፣ ከካርቱምና ከገዚራ የሸሸው ሱዳናዊ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲንጃ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ስትወድቅ ከሲናር ግዛት ወደ ገዳሪፍ የጎረፈው ሰውም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ግን ይጠጣሉ፣ ይታመማሉ፣ ያበስላሉ። ሰሌዳው ላይ «15 ሊትር ደርሰናል» ተብሎ ሲጻፍ ቦኖው ላይ ጀሪካን የሚጣላው ለዚህ ነው። የዛሬው ዋና ነጥባችንም ይኸው ነው፤ አገልግሎት መቆጠር ያለበት በካርድ ሳይሆን በአካባቢው ላይ በሚኖረው ሰው ሁሉ ነው። ይህ ካልሆነ ነባሩ ነዋሪ የሚያየው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ ቦኖ ተተክሏል፣ ለእሱ ግን አልተተከለም።

ውኃ በገዳሪፍ ምድር ቀድሞም ብርቅ ነው። ሜዳው ጥልቅ ጥቁር አፈር፣ እኛ ዋልካ የምንለው ነው። ዋልካ ውኃ ወደ ታች ስለማያሳልፍ ብዙ ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮም በቂ ውኃ አይገኝም። ስለዚህ ሰዉ ከጥንትም ሐፊር ይቆፍራል፤ የዝናቡን ውኃ የሚይዝ ሰፊ ኩሬ። ሐፊር ሰውም ከብትም ያጠጣል፣ መጠኑ ግን ክረምት ላይ የተወሰነ ነው። ዘንድሮ የያዘው እስከ ሚያዝያ ካልበቃ ጭማሪ የለውም። የገዳሪፍ ከተማ ራሷ ለረጅም ዓመታት ከአትባራ ወንዝ ዳር፣ ከሸዋክ፣ በቧንቧ ውኃ እያስመጣች እንኳ በአህያ በሚጎተተው የውኃ ጋሪ፣ በካሮ፣ ስትጠጣ የኖረች ከተማ ናት። ከተማዋ እንዲህ ከሆነች መንደሯ ምን ያህል ስስ ሚዛን ላይ እንደቆመች መገመት አያዳግትም።

ወደ መጸዳጃ እንለፍ። ይህን ርዕስ ብዙ ሰው በሬዲዮ መስማት አይወድም፤ እኔ ግን ከውኃ እኩል ነው የማየው። መለኪያው ለ20 ሰው 1 መጸዳጃ ይላል። ለ20 ሺህ ሰው 1 ሺህ መሆኑ ነው። ዋልካ ላይ 1 ሺህ ጉድጓድ መቆፈር ቀላል አይደለም። በበጋ አፈሩ ሰው እግሩን እስኪያስገባበት ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ይገፋና ይደረምሰዋል። ውኃው ስለማይሰርግ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ላይ ይመጣል። ዝናብ ሲዘንብ ያ ሁሉ ወደ ጎርፍ ይገባል፤ ጎርፉም ወደ ሐፊሩ። ስለዚህ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ጉድጓዱን በጡብ ወይም በበርሜል መደገፍ፣ ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ሲሞላ የሚመጥ መኪና አስቀድሞ ማዘጋጀት ግድ ነው። ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅም አለበት።

ይህ ሳይሟላ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ቱነይድባና ኡም ራኩባ በ2013 ክረምት አይተዋል። ሄፓታይተስ ኢ ገባ። ሰው «የወፍ በሽታ» የሚለው ዓይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው ምልክት ከሚታይባቸው የጉበት በሽታዎች አንዱ ነው። የሚተላለፈው በሰገራ በተበከለ ውኃ ነው። ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሽንት መጥቆር፣ ከዚያ የዓይን ቢጫ መሆን። ብዙው ሰው በራሱ ይድናል። ለነፍሰ ጡር ግን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ላይ ላለች፣ እጅግ አደገኛ ነው፤ በዚያ ጊዜ ከተያዙ 5 ወይም 4 እናቶች አንዷን እስከ መግደል ሊደርስ ይችላል። ነፍሰ ጡር ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ካያችሁ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም አድርሷት።

ሌላም ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። በሽታው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል። ዛሬ የታመመው ሰው የጠጣው የተበከለ ውኃ ከሳምንታት በፊት የነበረው ነው። ስለዚህ «እነ እገሌ አመጡብን» የሚለው ክስ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩን ይስታል። ጎርፉ የድንኳኑንና የጎጆውን ድንበር አይለይም። ካምፑ ውስጥ መጸዳጃ ሲጎድል መንደሩ ይታመማል፤ መንደሩ ሐፊሩን ሳያጥር ሲቀር ካምፑ ይታመማል። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሱዳን አዲስ የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱን ስታሳውቅ ከሳላና ገዳሪፍ በመጀመሪያዎቹ ተጠቂዎች ውስጥ ነበሩ። ኮሌራ ከሄፓታይተስ በፍጥነቱ ይለያል፤ በሰዓታት ውስጥ ሰውነትን ያደርቃል። የተዘጋጀው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ደልዳላ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ እያጠጣችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። ጨው አታብዙ።

የጤና ጣቢያው መጨናነቅ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ለ10 ሺህ ሰው 1 ጤና ኬላ፣ ለ50 ሺህ ሰው 1 ጤና ጣቢያ የሚለው መለኪያ መድኃኒቱ በሰዓቱ ይደርሳል ከሚል ግምት የተነሣ ነው። በገዳሪፍ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ፤ ካላዛር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትወደው ይህንኑ የተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በላዩ ያለውን የግራርና የላሎብ ዛፍ ነው። ከደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ በሽታውን ስለማያውቀው ቶሎ ይጎዳል፤ የሰሊጥ ሠራተኞቻችን በሑመራና በአብደራፊም የሚያውቁት ነው። ከ2 ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ በግራ ጎን የጣፊያ ማበጥ ካለ ወባ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ አስመርምሩ። ዶካ ላይ ለዚህ በሽታ የቆመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ። ጤና ጣቢያ ሲታቀድ የካላዛር መመርመሪያና መድኃኒት ለነዋሪውም ለስደተኛውም በአንድ መጋዘን መቀመጥ አለበት። ሁለት መጋዘን ሲሆን አንዱ ጋ ጊዜው አልፎ ይጣላል፣ ሌላው ጋ በሽተኛ ይመለሳል።

ስለ ማገዶ አጭር ሒሳብ። ለአንድ ሰው ምግብ በቀን 1 ኪሎ እንጨት ብቻ ይነዳል ብንል 20 ሺህ ሰው በቀን 20 ቶን ያነዳል። በዓመት ከ7 ሺህ ቶን ይበልጣል። ጠልሕ የሚባለው ግራር ለከሰል ተመራጭ ነው፤ ሐሻብ የሚባለው ደግሞ ሙጫ የሚለቀምበት፣ ለገበሬው የገንዘብ ምንጭ የሆነ ዛፍ ነው። የቸገረው ሰው ዛፍ አይመርጥም። ጫካው በራቀ ቁጥር የሚሄዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ መንገድ ላይ የሚደርስባቸውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጋዝ ወይም ቆጣቢ ምድጃ በራሽኑ አብሮ ካልተሰጠ «ዛፍ አትቁረጡ» የሚል ስብሰባ ብቻውን ምንም አያመጣም። ጥሬ ማሽላ ሰጥቶ ማብሰያውን መንፈግ እንደ እርዳታ ሊቆጠር አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ሥራና ገበያስ? ይህ ስጋት ከውኃው ይልቅ ውስብስብ ነው፤ ሁሉም ነዋሪ እኩል አይጎዳም፣ እኩልም አይጠቀምም። ከቡሩንዲና ከሩዋንዳ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ወደ ታንዛንያ ካጌራ ክልል በገባበት በ1986 ዓ.ም. አካባቢ የታየውን እንውሰድ። መሬት ያለው ገበሬ ርካሽ ጉልበት አገኘ፣ ሙዙንና ባቄላውን በደህና ዋጋ ሸጠ። ነጋዴው አተረፈ። በቀን ሥራ የሚተዳደረው የአገሬው ድኻ ግን ምንዳው ወረደበት፣ የሚሸምተው ምግብ ተወደደበት። በሰሊጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ ለሆነ የገዳሪፍ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2014 ዓ.ም. ክረምት በገንዘብ እጥረት ምክንያት በሱዳን ላሉ ስደተኞች የሚሰጠውን ራሽን በግማሽ ሲቀንስ፣ ጉድለቱን ለመሙላት ሰዉ ወደ እርሻ ሥራ መውጣቱ አይቀሬ ነበር። በ2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስትቆርጥ ደግሞ ባሰ። ራሽን በተቀነሰ ቁጥር የቀን ምንዳ ላይ የሚወዳደረው ሰው ይበዛል። ስለዚህ ራሽኑ እንዳይቀንስ መጮህ የስደተኛው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመንደሩ ቀን ሠራተኛም አብሮ ሊጮኽለት የሚገባ ነው።

«ጊዜያዊ ነው» የሚለው ቃል ዕቅድን ያበላሻል። በዚሁ በገዳሪፍ ቀለዓ ነሐል የሚባል ሰፈራ አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ለኤርትራ ስደተኞች የተቋቋመ ነው። ለየቤተሰቡ የእርሻ መሬት ተሰጠ፤ ውኃው ከራሃድ ወንዝ በፓምፕና በቧንቧ ይመጣ ነበር። ሰዎቹ አንድ ሁለት ዓመት ቆይተው አልሄዱም፣ ልጆች ወልደው የልጅ ልጅ አዩ። መሬቱ በየዓመቱ ማሽላ ሲዘራበት ደከመ፣ ዛፉ ተመናመነ፣ ፓምፑ ደግሞ ናፍጣና መለዋወጫ በጠፋ ቁጥር ቆመ። ከቱነይድባ ጋር ሳነጻጽረው የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነገር ነው። ድርጅት ፓምፕ ይተክላል፣ ለዓመታት ናፍጣ ይገዛል፣ አንድ ቀን በጀቱ ያልቅና ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። ቁልፉን የተረከበው የመንደር ኮሚቴ ናፍጣውን በምን ይገዛል?

ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ ያየሁት በአገራችን በጋምቤላ ነው። ኢታንግ ከተማ አጠገብ ኩሌ፣ ቲርኪዲና ንጉንየል የሚባሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ካምፖች አሉ። መጀመሪያ ውኃው በቦቴ ይመላለስ ነበር፤ ወጪው ከባድ ነበር። በኋላ በባሮ ወንዝ አቅራቢያ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ በአንድ መስመር ለካምፖቹም ለኢታንግ ከተማ ነዋሪዎችም እንዲደርስ ተደረገ፤ የሚያስተዳድረው ደግሞ የውኃ አገልግሎት ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱ የተለየ ካምፕ፣ የተለየ ከተማ አያውቅም፤ ቆጣሪ ያነባል፣ ፓምፕ ይጠግናል። ችግር አልባ ነው አልልም። ግን ነዋሪውና ስደተኛው ውኃ ሲጠፋ አንድ ቢሮ ላይ አብረው ይጮኻሉ፤ ይህ ብቻውን ብዙ ጠብ ያስቀራል። ዩጋንዳም ስደተኛ በሚሰፍርባቸው ወረዳዎች ከሚገባው እርዳታ 30 በመቶው ለነባሩ ሕዝብ እንዲውል የሚል መርሕ ይዛ ትሠራለች። ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የስደተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነትም የአስተናጋጅ አገሮችን ሸክም ማቃለልን ከዓላማዎቹ አንደኛው አድርጎታል።

ነገሩ ተገልብጦ የመጣበትንም አይተናል። የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ ገቡ። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ የሚባሉ ጣቢያዎች ተከፈቱላቸው። በአማራ ክልል ግጭት ነበረና ጥበቃው ሳሳ፤ ስደተኞቹ ተዘረፉ፣ ተጠቁ። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ብዙዎቹ አውላላን ጥለው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። በኋላ አፍጥጥ የሚባል አዲስ ጣቢያ ተዘጋጀ። ገዳሪፍ የኛን ሰው ባስጠለለች በጥቂት ዓመት ውስጥ የእርሷ ሰዎች በራችን ላይ እንዲህ መሆናቸው ሊያመን ይገባል። የመተማ አካባቢ ነዋሪም የቱነይድባ ነዋሪ የጠየቀውን ያንኑ ይጠይቃል፤ ውኃውስ? ሐኪም ቤቱስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንግዳውን ጫካ መንዳት አልነበረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በካምፑም በመንደሩም የውኃ ኮሚቴ አለ። ሁለቱ ኮሚቴዎች ተለያይተው ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ ስለ ሌላው ያማል። በወር አንድ ጊዜ አብረው ይቀመጡ፤ ሼሁም፣ የስደተኞቹ ተወካዮችም፣ በተለይ ቀጂዎቹ ሴቶች ይኑሩበት። ወደ እርዳታ ድርጅቱና ኮር ወደሚባለው የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን ሲሄዱ «ውኃ የለም» ብለው አይሂዱ፤ ይህን ቃል ቢሮው በየቀኑ ይሰማዋል። ስልክ ይዘው አንድ ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይለኩ። በዚያ ቦኖ የሚቀዳውን ቤተሰብ ሁሉ፣ ካርድ ያለውንም የሌለውንም፣ ይቁጠሩ። ቦኖው ላይ ያለው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም መሆኑን የሚያሳየውን መዝገብ ይጠይቁ፤ የማየት መብት አላቸው። የሞላውን መጸዳጃ ቁጥር ይጻፉ። ይህን በአንድ ገጽ፣ በዐረብኛ፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ ኖሮበት ያስገቡ። አንድ ወገን ብቻ የፈረመበት አቤቱታ በቀላሉ ወደ ጎን ይገፋል።

ርክክብም አለ። ድርጅቱ ገና እዚያው እያለ ጠይቁት፤ ይህ ፓምፕ በወር ስንት ሊትር ናፍጣ ይፈጃል? በፀሐይ ኃይል ሊቀየር ይችላል? መለዋወጫው ከገዳሪፍ ሱቅ ይገኛል ወይስ ከውጭ ነው የሚመጣው? ከኮሚቴው ሁለት ሰው ጥገና ሠልጥኗል? በጀሪካን ትንሽ ክፍያ መጣል ካስፈለገ፣ መክፈል የማይችሉት መበለቶችና አቅመ ደካሞች እንዴት ይታያሉ? ይህን ድርጅቱ ከወጣ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መላሽ አይገኝም። ሰኔ ሳይገባ፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ ናፍጣው ወደ መንደሩ መድረስ በሚችልበት ወቅት ቢጠየቅ ይመረጣል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የካላዛርን ምርመራና ሕክምና፣ መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደሚወሰድና ለምን ማቋረጥ እንደማይገባ በዝርዝር እንነጋገራለን።